የፊውዥን ሪአክተር ግድግዳ ምን ያህል ተሸረሸረ፣ ምን ያህልስ ተለጠፈበት? ለአራት ኪሎ ቤተ ሙከራ የሚሆን የመለኪያ መመሪያ

ገበሬ ማሳው በጎርፍ ምን ያህል እንደሚታጠብ ማወቅ ከፈለገ ክረምቱ ሳይገባ ችካል ይተክላል። መስከረም ላይ የተተከለ ችካል ስለ ሐምሌ ጎርፍ የሚናገረው ነገር የለም። የፊውዥን ሪአክተር ግድግዳም እንደዚያው ነው። ፕላዝማው ካለፈበት በኋላ ‹‹ግድግዳው ቀድሞ እስከ የት ነበር?›› ብሎ መጠየቅ የፈሰሰ ውኃ ማፈስ ነው። ከዚህ ሥራ ከግማሽ በላዩ የሚያልቀው ፕላዝማው ከመለኮሱ በፊት ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው አነስተኛ የቫኪዩም ክፍልና የአርጎን ፕላዝማ ላላቸው፣ በአራት ኪሎና በአምስት ኪሎ አካባቢ ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ቴክኒሻኖች ነው። ቶካማክ (ፕላዝማን በመግነጢሳዊ መስክ የሚይዝ ቀለበታማ የፊውዥን ማሽን) አያስፈልግም። በሲሊኮን ላይ የተለበጠ ቀጭን ተንግስተን እንሸረሽራለን፤ የጎደለውን በሚዛን፣ በኤክስሬይ፣ በእርከን (በተሸፈነውና በተሸረሸረው መሐል ባለው የከፍታ ልዩነት) ልኬትና በኳርትዝ ክሪስታል ለየብቻ እንለካለን፤ በመጨረሻም ሒሳቡን እናስታርቃለን።

ጠቅላላና የተጣራ

አዮን ግድግዳውን ሲመታ የላይኛውን አቶም ከቦታው ያፈናቅላል፤ ይህ ስፐተሪንግ ይባላል። አዮኑ በቂ ኃይል ከሌለው ግን ምንም አያፈናቅልም። የፊውዥን ነዳጅ የሆነው ዲዩተሪየም ተንግስተንን ለመሸርሸር ከ200 ኤሌክትሮንቮልት በላይ ያስፈልገዋል፤ ከባዱ አርጎን ግን 30 ገደማ ይበቃዋል። በቶካማክ ውስጥ ፕላዝማው በረጋበት ጊዜ ተንግስተኑን በብዛት የሚበላው ነዳጁ ሳይሆን ሙቀት ለመበተን የሚጨመረው ኒዮን ወይም አርጎን፣ አለዚያም ሌላ ባዕድ አዮን የሆነው ለዚህ ነው።

የተፈናቀለው ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም። የተንግስተን አቶም ከግድግዳው ብዙም ሳይርቅ ኤሌክትሮን ያጣና በመግነጢሳዊው መስክ ይያዛል። ክብደቱ ትልቅ ስለሆነ የሚዞርበት ክብ ሰፊ ነው፤ አንድ ዙር እንኳ ሳይጨርስ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ስለዚህ እንደ ደመወዝ ሁለት ቁጥር አለ፤ ጠቅላላው ከመቆረጡ በፊት ያለው፣ የተጣራው ደግሞ የተመለሰው ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው። የግድግዳውን ንጣፍ ዕድሜ የሚወስነው የተጣራው ነው። በሰከንድ 1 ናኖሜትር የተጣራ መሸርሸር ኢምንት ይመስላል፤ ሳያቋርጥ ዓመት ከቀጠለ ግን 31 ሚሊሜትር ነው፤ ከማቀዝቀዣው ቱቦ በላይ ያለው ተንግስተን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ።

የተሸረሸረው ሌላ ቦታ ሄዶ ደለል ይሆናል፤ ደለሉም የራሱ ጣጣ አለው። በተለይ ካርቦንና ቤሪሊየም ሲከማቹ የሃይድሮጅን ዘሮችን፣ ትሪቲየምንም ጭምር፣ ይዘው ይቀራሉ። በኢተር (በፈረንሳይ እየተገነባ ባለው ዓለም አቀፍ ቶካማክ) ዕቅድ በቫኪዩም ዕቃው ውስጥ ለሚቀር ትሪቲየም የ700 ግራም ጣሪያ የተቀመጠው ይህን በማሰብ ነው። ደለሉ ሲወፍር ይላጣል፣ ሲላጥ አቧራ ይሆናል።

ታላላቆቹ ማሽኖች ችካል የሚተክሉት ንጣፉ ውስጥ ሌላ ብረት በመቅበር ነው። በእንግሊዝ ካልሃም በነበረው ጄት ቶካማክ በአንዳንድ የቤሪሊየም ንጣፎች ላይ ቀጭን ኒኬል፣ ከላዩ ጥቂት ማይክሮን ቤሪሊየም ተለብጦ ነበር። በጀርመን ግራይፍስቫልድ ባለው ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ በተባለ የፊውዥን ማሽን ደግሞ በግራፋይቱ ላይ 300 ናኖሜትር ገደማ ሞሊብዲነም፣ ከላዩ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ካርቦን። ሞሊብዲነሙ አይንቀሳቀስም፤ ከላዩ ያለው ካርቦን ሲሳሳ ወይም ሲወፍር ልዩነቱ ከእርሱ ይለካል። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ካርቦኑን በተንግስተን ብቻ ተክተን። ኢተር እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያ ግድግዳውን ከቤሪሊየም ወደ ተንግስተን እንደሚቀይር ካሳወቀ ወዲህ ልምምዱን በተንግስተን መጀመር ይመረጣል።

ችካሉን መትከል

መሠረቱ የተወለወለ ሲሊኮን ይሁን፤ 10 በ10 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 0.5። በላዩ 200 ናኖሜትር ሞሊብዲነም፣ ከዚያ 1,000 ናኖሜትር ተንግስተን በማግኔትሮን (ብረትን በፕላዝማ አፈናቅሎ በሚለብጥ መሣሪያ) ይለበጥበት። ሁሉንም በአንድ ዙር፣ ቢያንስ 6 ናሙና አስለብጡ፦ 3 ለፕላዝማ፣ 2 መንትያ ሆነው ሳይነኩ የሚቀመጡ፣ 1 ደግሞ ተሰብሮ ውፍረቱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚታይ።

ሞሊብዲነም የተመረጠው የኤክስሬይ መስመሩ 17.44 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ላይ ስለሆነ ነው፤ ከተንግስተኑ 8.40 ጋር በፍጹም አይምታታም። መዳብ በዚህ ቦታ አይሆንም፤ መስመሩ 8.05 ላይ ስለሆነ የተንግስተኑን ይጫነዋል፤ ሲሞቅም ሲሊኮን ውስጥ ይሰርጋል። ሆኖም ከመርካቶ የሚገዛ የመዳብ ቆርቆሮ ለሌላ ጉዳይ ይጠቅማል። መያዣው፣ ጭንብሉና የኤሌክትሪኩ መስመር በትክክል መሥራታቸውን ውዱን ናሙና ሳትነኩ በእርሱ ፈትሹ። መዳብ ከተንግስተን ሦስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ስለሚሸረሸር በ10 ደቂቃ ውስጥ በዓይን የሚታይ እርከን ይሠራል።

ተንግስተኑ ከ1 ማይክሮን በላይ እንዲሆን አትመኙ። የተለበጠ ተንግስተን በውስጡ ውጥረት ይይዛል፣ ሲወፍርም ጠርዙ ላይ መላጥ ይጀምራል። ከስድስቱ በአንዱ፣ በሚሰበረው ላይ፣ ተራ ማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፋችሁ ላጡት። ቅንጣት ይዞ ከመጣ ዙሩን በሙሉ ጣሉት፤ በፕላዝማ ውስጥ የሚላጥ ናሙና በሚዛን ላይ ‹‹ከባድ መሸርሸር›› መስሎ ይታያል።

ዜሮውን መመዝገብ

የናሙናውን ቁጥር በጀርባው በአልማዝ ጫፍ ጫሩ፤ ቀለም አይሆንም፣ ቫኪዩም ውስጥ ይተናል። በአይሶፕሮፓኖል ለ5 ደቂቃ በአልትራሳውንድ እጠቡ፣ በናይትሮጅን አድርቁ፣ በ120 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ምድጃ ውስጥ አቆዩ፣ ከዚያም ሲሊካ ጄል ባለበት ዴሲኬተር ውስጥ ሌላ 1 ሰዓት አቀዝቅዙ። ትኩስ ናሙና የሚመዝን ሰው ክብደቱን አሳንሶ ያነባል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚዛኑን ሳህን ያነሣዋል። ከዚህ በኋላ ናሙናው የሚነካው በፕላስቲክ ወረንጦ ብቻ ነው፤ የጣት አሻራ ብቻውን በአስር የሚቆጠር ማይክሮግራም ሊሆን ይችላል።

ሚዛኑ 0.01 ሚሊግራም የሚያነብ መሆን አለበት። የወርቅ ቤት ሚዛን፣ የፒያሳው ምርጡ እንኳ፣ ለዚህ አይበቃም። አመዛዘኑ በመንትያ ነው፦ መንትያ፣ ናሙና፣ መንትያ፤ ይህን 5 ጊዜ ደጋግሙና የምትመዘግቡት የሁለቱን ልዩነት ይሁን። እንዲህ ሲደረግ የሚዛኑ መንሸራተት፣ የአየሩ ግፊትና የክፍሉ ሙቀት በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፉ ይጣፋሉ።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ የራሱ ነገር አለው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። የምድር ስበትም 9.775 ገደማ እንጂ 9.81 አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዚህ እንደገና ካልተስተካከለ ከ10 ግራም ላይ 36 ሚሊግራም ያጎድላል። ስለዚህ በታወቀ የብረት ክብደት እዚሁ አስተካክሉት። አየሩ ዕቃን የሚያነሣበት ኃይልም ከዕቃው እፍጋት ጋር ይለዋወጣል። የ10 ግራም ግራፋይት ንጣፍ ብትመዝኑ የክፍሉ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲለወጥ ብቻ ንባቡ 60 ማይክሮግራም ያህል ይንሸራተታል። በእኛ 0.12 ግራም ሲሊኮን ላይ ከ1 ማይክሮግራም በታች ስለሆነ አያስጨንቅም፤ ግራፋይት ለሚመዝን ግን ያለ መንትያ ሥራው ከንቱ ነው።

በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ አየሩ ይደርቅና ሲሊኮኑና ፕላስቲኩ ወረንጦ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ ንባቡ በአንድ አቅጣጫ ሲንፏቀቅ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ምድር የነካ የብረት ሳህን ላይ ለ2 ደቂቃ አሳርፉት። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው፤ ቀዳዳማ ግራፋይትና የተከማቸ ካርቦን እርጥበት ይጠጣሉ። መኪና የሚበዛበት አደባባይ ዳር ያለ ቤተ ሙከራ ሚዛኑን በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ጠዋት በማለዳ ቢመዝን ይሻላል።

ከሚዛኑ ቀጥሎ ኤክስአርኤፍ ነው፤ ናሙናው ላይ ኤክስሬይ ጥሎ እያንዳንዱ ብረት የሚመልሰውን የራሱን የኤክስሬይ መስመር የሚቆጥር መሣሪያ። ለማዕድን ምርመራ የሚያገለግለው በእጅ የሚያዝ ዓይነትም ይሆናል፤ ዋናው ነገር ናሙናው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ርቀት እንዲቀመጥ የሚያደርግ መደገፊያ መሥራት ነው። ከእያንዳንዱ ናሙና 5 ነጥብ ላይ የተንግስተኑንና የሞሊብዲነሙን ቆጠራ መዝግቡ። በሞሊብዲነም መስመር ላይ ቢያንስ 10,000 ቆጠራ እስኪሞላ ጠብቁ፤ ከዚያ በታች የስታቲስቲኩ ስሕተት ከ1 ከመቶ ያልፋል።

ጭንብልና መያዣ

የናሙናውን አንድ ጎን 2 ሚሊሜትር ያህል ሸፍኑት፤ የሚጋለጠው 0.8 ስኩዌር ሴንቲሜትር ይሆናል። ጭንብሉ ከተንግስተን ወይም ተንግስተን ከተለበጠ ቁራጭ ይሠራ። የማይዝግ ብረት ጭንብል ካደረጋችሁ እርሱም ይሸረሸርና ብረቱና ክሮሚየሙ ናሙናው ላይ ይዘንባሉ፤ ኤክስአርኤፉ የብረት መስመር ካሳያችሁ ወንጀለኛው እርሱ ነው። ጭንብሉ ናሙናውን ሙሉ በሙሉ ይንካ። ከ50 ማይክሮን የሚበልጥ ክፍተት ከቀረ ፕላዝማው ከሥሩ ይገባል፤ እርከኑም ስለት ሳይሆን ተዳፋት ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ የኤሌክትሪኩ መስመር ነው። መያዣው ሁሉ በአንድ ሽቦ ከተገናኘ የምታነቡት ጅረት የናሙናውና የመያዣው ድምር ነው፤ አዮን ስንት እንደመጣ አታውቁም። ናሙናው ከሴራሚክ በተሠራ መከላከያ ተነጥሎ በራሱ ሽቦ ይገናኝ። ዙሪያውን በዚያው ቮልቴጅ ያለ ቀለበት ይክበበው፤ ቀለበቱ ከሌለ ጠርዙ ላይ የኤሌክትሪክ መስኩ ይታጠፍና ጠርዙ ከመሐሉ በላይ ይበላል። ጀርባው በደንብ መሸፈኑንም እዩ።

ፕላዝማውን መለኮስ

ክፍሉ በመጀመሪያ ወደ 10⁻⁴ ፓስካል ይውረድ። ከዚያ አርጎን አስገብታችሁ ግፊቱን 0.05 ፓስካል ላይ አቁሙት። ይህ ግፊት በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ በ0.05 ፓስካል አንድ አቶም ሳይጋጭ የሚጓዘው 13 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በ0.5 ፓስካል ግን 1.3 ሴንቲሜትር ብቻ። ግፊቱ ከፍ ካለ የተፈናቀሉት አቶሞች መንገድ ላይ እየተጋጩ የኳርትዙን ንባብ ያበላሻሉ። የግፊት መለኪያችሁ በናይትሮጅን የተስተካከለ የአዮን ዓይነት ከሆነ አርጎንን 1.3 ጊዜ አብልጦ ያሳያል፤ አካፍሉት። ፒራኒ መለኪያ ላይ ያለውን የ‹‹ከባቢ አየር›› ማስተካከያ ሲጫኑ መሣሪያው 1,000 ሚሊባር ነው ብሎ ይወስዳል፤ አዲስ አበባ ግን 765 ገደማ ናት። ቁጥሩን በእጅ የማስገባት አማራጭ ካለው ተጠቀሙበት።

ፕላዝማውን በፊላመንት የምታመነጩ ከሆነ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ፊላመንቱ ተንግስተን ነው፤ ሲግል ይተናል፣ ያውም የምንለካው ያንኑ ብረት ነው! ከፊላመንቱ ናሙናውም ኳርትዙም በቀጥታ እንዳይታዩ መሐል ላይ ጋሻ አድርጉ። ሁለተኛው፣ ከፊላመንቱ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች የሚያፈጥነው ቮልቴጅ ከ43 በታች ይሁን። ከዚያ በላይ ኤሌክትሮኖቹ ከአርጎን ሁለት ኤሌክትሮን ማውጣት ይጀምራሉ፤ ሁለት ጊዜ የተሞላው አዮን ደግሞ በእጥፍ ኃይል ይመታል፣ ስሌቱንም ያፋልሳል።

ናሙናው ላይ አሉታዊ 190 ቮልት ስጡ። የፕላዝማው ፖቴንሻል 10 ቮልት ከሆነ አዮኑ የሚመታው በ200 ኤሌክትሮንቮልት ነው፤ 10ን ግን አትገምቱ፣ በላንግሙይር ፕሮብ (ፕላዝማው ውስጥ ገብቶ ቮልቴጁና ጅረቱ በሚነበብ ቀጭን ሽቦ) ለኩት። በዚህ ኃይል አርጎን ከተንግስተን የሚያፈናቅለው በአንድ አዮን 0.29 አቶም ያህል ነው። የአዮኑ ጅረት በስኩዌር ሴንቲሜትር 1 ሚሊአምፔር ቢሆን የሚሸረሸረው በደቂቃ 17 ናኖሜትር ነው። ለ25 ደቂቃ አቆዩት፤ 430 ናኖሜትር ገደማ ይነሣል፣ ከተለበጠው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ችካሉ ጋ ፈጽሞ መድረስ የለብንም።

አምፔር ሜትሩ የሚያሳየው ግን አዮኑን ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አዮን ሲመታ ከብረቱ ኤሌክትሮን ያስፈናጥራል፤ ለአርጎንና ለተንግስተን ይህ 10 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 0.8 ሚሊአምፔር አዮን ከፈለጋችሁ ንባቡ 0.88 መሆን አለበት። ጅረቱን በየሰከንዱ በኮምፒውተር መዝግቡና በመጨረሻ ደምሩት፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንብቦ አማካይ መውሰድ አይበቃም። በመዝገቡ ላይ ሹል ዝላይ ካለ አርክ (ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ተነሥቷል፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይታችሁ ጠባሳ ካገኛችሁበት ከሒሳቡ አውጡት።

መብራት ቢጠፋስ? ተርቦ ፓምፑ ሲቆም ከሮታሪ ፓምፑ የዘይት ትነት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዓይን የማይታይ ቅባት ናሙናውም ኳርትዙም ላይ ያርፋል። ኤሌክትሪክ ሲያጣ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ በሁለቱ ፓምፖች መሐል ይግባ፤ ቫልቩና መመዝገቢያው ኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በተቋረጠ ሙከራ ላይ ያለውን ናሙና ‹‹እንቀጥልበት›› አትበሉ። ክፍሉን ከመክፈታችሁ በፊትም ከፍተኛው ቮልቴጅ መጥፋቱን አረጋግጡ፣ መስኮት ክፈቱ፤ አርጎን ከአየር ስለሚከብድ በጠባብ ክፍል ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

ደለሉን መቁጠር

የ6 ሜጋኸርዝ ኳርትዝ ክሪስታል በላዩ ላይ 12.3 ናኖግራም በስኩዌር ሴንቲሜትር ሲከማች ድግግሞሹ በ1 ኸርዝ ይቀንሳል። ከናሙናው 10 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ከቀጥታው 45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ፣ ፊቱን ወደ ናሙናው አዙሮ ይቀመጥ። የክሪስታሉ ቤት ምድር ይነካ፤ የፕላዝማው ፖቴንሻል ከ20 ቮልት በታች እስከሆነ ድረስ አርጎኑ ክሪስታሉን ራሱን አይሸረሽርም።

ልክ ፊት ለፊት አለማድረጋችን ሆን ተብሎ ነው። በዝቅተኛ ኃይል የሚፈናቀሉ አቶሞች ወደ ቀጥታው ሳይሆን ወደ ጎን ያዘነብላሉ፤ ቀላሉ የኮሳይን ስሌት (የሚወጣው አቶም ከቀጥታው በሚያዘነብልበት ማዕዘን ኮሳይን መጠን ያንሳል የሚለው) ፊት ለፊት ላይ ይበልጥ ይስታል። በኮሳይኑ ስሌት ከሄድን በ25 ደቂቃ ውስጥ 120 ኸርዝ ያህል መቀነስ አለበት።

120 ኸርዝ ብዙ አይደለም። ፕላዝማው ሲለኮስ በሚመጣው ሙቀት ብቻ ክሪስታሉ በአስር የሚቆጠር ኸርዝ ሊንሸራተት ይችላል። መፍትሔው ክሪስታሉን በውኃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ከመለኮሱ በፊትና ከጠፋ 20 ደቂቃ በኋላ በእኩል ሙቀት ላይ የሚነበበውን ብቻ ማነጻጸር ነው። በመሐል ያለው ግራፍ አዝማሚያ ለማየት እንጂ ለሒሳብ አይሁን።

ከኳርትዙ ሌላ ንጹሕ የሲሊኮን ቁራጮችን በክፍሉ ውስጥ በትኑ፦ ሁለት ናሙናውን በቀጥታ የሚያዩ፣ ሁለት ደግሞ ከመያዣው ጀርባ ሆነው ፈጽሞ የማያዩት። ከጀርባ ባሉት ላይ ተንግስተን ከተገኘ የመጣው በጋዙ ተጋጭቶ ነው፣ ወይም የፊላመንቱ ጋሻ ሾልኳል። ለመለየት ሙከራውን በ0.5 ፓስካል ድገሙት፤ ተጋጭቶ ከሆነ በጀርባ ያለው ይጨምራል፣ ኳርትዙ ላይ ያለው ይቀንሳል። በዚህ ሁኔታ ወደ ናሙናው ራሱ የሚመለሰው ትንሽ ስለሆነ ሚዛኑ ላይ አይታይ ይሆናል፤ መግነጢሳዊ መስክ ስለሌለን የቶካማኩን ያህል መመለስ አንጠብቅም።

በቶካማክ ውስጥ ጠቅላላውንና የተጣራውን ለመለየት በሳን ዲዬጎው ዲ-ስሪ-ዲ የተሠራበት ዘዴ ያምራል። 1 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ነጥብና 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ጎን ለጎን ይለበጣሉ። ከትንሿ የወጣው አቶም ሲመለስ ከእርሷ ውጭ ያርፋል፤ እርሷ የምትነግረን ወደ ጠቅላላው የቀረበውን ነው። ከትልቁ የወጣው ግን አብዛኛው እዚያው ይመለሳል፤ እርሱ የተጣራውን ይናገራል።

ከፕላዝማው በኋላ

ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ ፎቶግራፍ፣ ሚዛን፣ ኤክስአርኤፍ፣ በመጨረሻ ፕሮፋይሎሜትር (በገጹ ላይ መርፌ እየጎተተ የእርከኑን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ)። የፕሮፋይሎሜትሩ መርፌ ገጹን ስለሚጭር ከእርሱ በኋላ የሚደረግ መመዘን አይታመንም። ናሙናውን ከመመዘናችሁ በፊት አትጠቡት፤ የተለጠፈውንም አብራችሁ ታጥባላችሁ።

ፕሮፋይሎሜትሩን በእርከኑ ላይ በ5 ቦታ አሻግሩ፤ ከጠርዙ ግራና ቀኝ 0.5 ሚሊሜትር ያህል ትታችሁ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠፍጣፋ አነጻጽሩ። ይህ ዘዴ የሚሠራው ሲሊኮኑ እንደ መስታወት የለሰለሰ ስለሆነ ነው። ግራፋይት ላይ የገጹ ሸካራነት በማይክሮን ስለሚቆጠር ግማሽ ማይክሮን እርከን ጠፍቶ ይቀራል። ሸካራ ገጽ ላይ ጉብታው ሲሸረሸር ጉድጓዱ ሊሞላ ስለሚችልም አንድ ንጣፍ በአንድ ጊዜ የሚሸረሸርም የሚለጠፍበትም ነው።

የኤክስአርኤፍ ንባብ ከውፍረቱ ጋር በቀጥታ አይሄድም፤ ተንግስተኑ የራሱን ኤክስሬይ ከፊሉን ይመጠዋል። የሞሊብዲነሙም መስመር በ1 ማይክሮን ተንግስተን ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲወጣ 17 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ተንግስተኑ ከ1,000 ወደ 570 ናኖሜትር ሲሳሳ የሞሊብዲነሙ ቆጠራ 8 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ የተንግስተኑ ይወርዳል፤ የምትጠቀሙበት የሁለቱ ጥምርታ ነው፣ የመሣሪያው መንሸራተት ይጣፋበታልና። ጥምርታውን ወደ ናኖሜትር የሚቀይረው መስመር ውፍረታቸው በታወቀ ናሙናዎች ይሠራ።

ሒሳቡን ማስታረቅ

ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ፣ ወደ አቶም በስኩዌር ሴንቲሜትር፣ ቀይሩ። 1 ናኖሜትር ተንግስተን 6.3×10¹⁵ አቶም ነው። ከ0.8 ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ 430 ናኖሜትር ቢነሣ ሚዛኑ 0.66 ሚሊግራም መቀነስ አለበት። ሚዛኑ በ0.02 ሚሊግራም ቢሳሳት 3 ከመቶ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

እርከኑ ከሚዛኑ ይልቅ 10 ከመቶ ያህል ከበለጠ አትደናገጡ። የተለበጠ ተንግስተን እፍጋቱ ከሙሉው 19.25 ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ እርከኑ ርዝመትን፣ ሚዛኑ ደግሞ አቶምን ይቆጥራል። በናኖሜትር ብቻ የተጻፈ ውጤት እፍጋቱ አብሮት ካልተጻፈ ለሌላ ቤተ ሙከራ አይጠቅምም። ሚዛኑ ከኤክስአርኤፉ በላይ ከጎደለ ጀርባውን ወይም ጠርዙን እዩ፤ ተሸርሽሯል ወይም ተሸርፏል። ሚዛኑ በታች ከሆነ ዘይት ወይም እርጥበት ተጨምሮበታል፤ በ120 ዲግሪ አድርቃችሁ እንደገና መዝኑ። ሁለቱ ተስማምተው ኳርትዙ ብቻ ቢያንስ ግፊቱን ወይም አቅጣጫውን ጠርጥሩ። ሦስቱም ከ430 በእኩል ቢያንሱ ችግሩ ከመለኪያው ሳይሆን ከጅረቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቀለበቱና የናሙናው ሽቦ ተነካክቷል።

ናሙናውን ለአዮን ጨረር ምርመራ ወደ ውጭ አገር የምትልኩ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድማችሁ አስቡ። የተለመደው 2 ሜጋኤሌክትሮንቮልት ሂሊየም ከተንግስተን ገጽ በ165 ዲግሪ ሲመለስ 1.84፣ ከሞሊብዲነም ገጽ ደግሞ 1.70 ይዞ ይመጣል፤ በቀጭን ልባጥ ላይ በደንብ ይለያያሉ። በ1 ማይክሮን ተንግስተን ውስጥ ገብቶ ለመውጣት ግን ኃይሉን ሊጨርስ ምንም አይቀረው፤ ችካሉ አይታይም። ስለዚህ ወይ 3 ሜጋ የሚጠጋ ፕሮቶን እንዲጠቀሙ ጠይቁ፣ ወይ ከመነሻው ተንግስተኑ 200 ናኖሜትር የሆነ ተጨማሪ ናሙና አዘጋጁና በፕላዝማው ውስጥ ከ5 ደቂቃ በላይ አታቆዩት። ሲታሸግ ገጹን ምንም አይንካው፤ ሁለት ጎን ያለው ማጣበቂያ ከጀርባውም ቢሆን አይደረግ። ከተጋለጠው ናሙና ጋር አንድ መንትያ አብሮ ይሂድ፤ ሁለተኛው እዚሁ ዴሲኬተር ውስጥ ይቆይ፣ ሲሊካ ጄሉም ቀለሙን በቀየረ ቁጥር ይደርቅ።